በጠርሙስ ያለውና በውሃ ያለው፤ ኦርጋኖሜታሊክ ውሁዶች ከዲኤንኤ ጋር ስላላቸው ግንኙነት አጭር ታሪክ

በኬሚስትሪ መጻሕፍት አንድ ውሁድ በተነሣ ቁጥር ቅርጹ በወረቀት ላይ ተሥሎ ይታያል። ሜታሉ በመካከል ተቀምጦ፣ የሚከብቡት ክፍሎችም በየቦታቸው ተደርድረው ስናይ ነገሩ ያለቀለት ይመስለናል። ይሁን እንጂ ያው ውሁድ በውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ ይልቁንም ጨውና ፕሮቲን በሞላበት በሕያው አካል ውሃ ውስጥ ውሎ ካደረ በኋላ፣ በወረቀት ከተሣለው ቅርጽ ምን ያህሉ ይቀራል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከ1965 ወዲህ ስለ ሜታሎችና ስለ ዲኤንኤ በተደረገው ምርመራ ብዙ ድካምና የብዙ ሕሙማን ተስፋ የተንጠለጠለው በዚሁ ጥያቄ ላይ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የፈለግነው፣ ከዲኤንኤ ጋር የሚገናኘው በጠርሙስ የነበረው ውሁድ ሳይሆን ውሃ የለወጠው ሌላ ነገር መሆኑ እንዴት እንደ ታወቀ፣ ይህም በቂ ግምት ሳይሰጠው በመቅረቱ አንድ የተሳሳተ ማመሳሰል ሃያ ዓመት ያህል እንዴት እንደ ተጓዘ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት ሁለት ማስታወሻ እንስጥ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ‹ሜታል› የሚለውንም ቃል እንዳለ ወስደነዋል፤ ‹ብረት› ብንል በዚሁ ስም ከሚጠራው ከአንዱ ንጥረ ነገር ጋር ስለሚምታታ፣ ‹ማዕድን› ብንልም ከመሬት የሚወጣውን ድንጋይና ጨው ሁሉ ስለሚያጠቃልል ለእኛ ጉዳይ የሚስማማ አልሆነም።

ኦርጋኖሜታሊክ የሚባለው ውሁድ ሜታል ከካርቦን ጋር በቀጥታ የተጣመረበት ነው። ከእነዚህ ውስጥ በዕድሜ ከቀደሙት አንዱ ዴንማርካዊው ዊልያም ክሪስቶፈር ዛይዘ በ1827 ያስታወቁት የፕላቲነም ጨው ነው። በዚህ ጨው ውስጥ ኤቲሊን የተባለው ጋዝ ከፕላቲነም ጋር ተጣብቆ ይገኛል። በጊዜው ታላቁ ሊቢሽ ራሳቸው ስለ ቅንብሩ ከዛይዘ ጋር ብዙ ተከራክረዋል። ከዚያም በ1849 እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ፍራንክላንድ በጀርመን አገር በማርቡርግ ከተማ ዚንክን ከኤቲል ጋር አጣመሩ፤ ‹ኦርጋኖሜታሊክ› የሚለውንም ስም ያወጡት እርሳቸው ናቸው። የዚንክ ኤቲል ባሕርይ ለእኛ ጉዳይ የመጀመሪያው ምስክር ሊሆን ይችላል። ይህ ፈሳሽ አየር ሲነካው ይነዳል፤ ውሃ ሲነካውም በኀይል ይፈርሳል። እንግዲህ ኦርጋኖሜታሊክ ኬሚስትሪ ገና ከልደቱ የውሃ ጠላት ሆኖ ተወለደ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከመቶ ዓመት በላይ የዚህ ሙያ ሰዎች ዕቃቸውን ሁሉ ከእርጥበት ጠብቀው ሲሠሩ ኖረዋል። ዲኤንኤ ግን ያለ ውሃ የራሱን ቅርጽ እንኳ አይጠብቅም። ሁለቱን ማገናኘት ዘግይቶ የተጀመረበት ምክንያት ከዚህ ይታያል።

በመካከሉ የሳልቫርሳን ነገር አለ፤ እርሱንም በአጭሩ እናልፈዋለን። ፓውል ኤርሊሽና ጃፓናዊው ባልደረባቸው ሳሃቺሮ ሃታ ያገኙት ይህ የቂጥኝ መድኃኒት በ1910 ለሽያጭ ሲወጣ አርሰኒክን ከካርቦን ጋር ያጣመረ ነበር። አርሰኒክ በትክክል ሜታል አይባልም፤ መድኃኒቱም ከዲኤንኤ ጋር በተያያዘ የተመረመረ አይደለም። የምናነሣው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ኤርሊሽ በወረቀት ላይ የሣሉት ቅርጽ ሁለት አርሰኒኮች በጥንድ የተያያዙበት ሲሆን፣ በ2005 የታተመ ምርመራ ግን መድኃኒቱ ሦስት ሦስትና አምስት አምስት አርሰኒኮች በቀለበት የተያያዙባቸው ውሁዶች ድብልቅ መሆኑን አሳየ። መድኃኒቱ ስንቱን ካዳነ በኋላ፣ ዘመኑም ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ዋናው መንገድ እንመለስ። በ1844 ሚኬሌ ፔይሮኔ የተባሉ ኢጣሊያዊ ሐኪምና ኬሚስት አንድ ፕላቲነም፣ ሁለት አሞኒያና ሁለት ክሎሪን ያለበት ቢጫ ጨው መሥራታቸውን አሳተሙ። ለምን እንደሚጠቅም የጠየቀ አልነበረም። በ1893 ግን የዙሪኩ አልፍሬድ ዌርነር፣ ቅንብራቸው አንድ የሆነ ሁለት የተለያዩ ጨዎች መኖራቸውን መሠረት አድርገው አራቱ ክፍሎች ፕላቲነሙን በጠፍጣፋ አራት ማዕዘን እንደሚከብቡት ተናገሩ። በአንደኛው ጨው ሁለቱ ክሎሪኖች ጎን ለጎን ናቸው፤ በሌላው ፊት ለፊት ይተያያሉ። ጎን ለጎን የሆኑበት የፔይሮኔ ጨው ነው፤ ዛሬ ሲስፕላቲን ይባላል። ልብ እንበል፤ በዚህ ጨው ውስጥ ካርቦን የለም፤ ስለዚህ ኦርጋኖሜታሊክ አይደለም። ቢሆንም ከእርሱ በኋላ የመጡት ኦርጋኖሜታሊክ ውሁዶች ሁሉ የተለኩት በእርሱ ስለ ሆነ ታሪኩን ሳይነግሩ የእነርሱን መናገር አይቻልም። (ፕላቲነም ለአገራችን እንግዳ አለመሆኑንም በዚሁ እናስታውስ፤ በወለጋ በዩብዶ ሲወጣ መኖሩ የታወቀ ነው።)

የዲኤንኤን አሠራር አንባቢዎቻችን ስለሚያውቁት አናስረዝምም። ፍሪድሪሽ ሚሸር በ1869 ከቁስል መግል ለይተው ያወጡት ይህ ነገር፣ በ1953 ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ በሮዛሊንድ ፍራንክሊን የራጅ ሥዕል እየተረዱ እንዳሳዩት፣ የተጠማዘዘ መሰላል ነው። ለሜታል የሚመቹ ስፍራዎቹ ሦስት ናቸው። በውጭ በኩል አሉታዊ ሙል ያላቸው ፎስፌቶች ተሰልፈዋል፤ አዎንታዊ ሙል ያለው ሜታል ሁሉ መጀመሪያ ወደ እነርሱ ይሳባል። በውስጥ በኩል ቤዞቹ አሉ፤ ከእነርሱም ጉዋኒን የተባለው ሰባተኛውን ናይትሮጂኑን ወደ ሰፊው ቦይ አውጥቶ ስለ ያዘ ለሜታል የተጋለጠ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ቤዞቹ በመሶብ ውስጥ እንደ ተነባበረ እንጀራ ሆነው ስለሚቀመጡ፣ ጠፍጣፋ የሆነ ቀለበት ያለው ውሁድ በሁለቱ መካከል ሊገባ መቻሉ ነው። ይህን ሦስተኛውን መንገድ በ1961 ያስረዱት ሌናርድ ለርማን ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር በቤዞች መካከል ሲገባ ዲኤንኤው ይረዝማል፤ ፈሳሹም ወፍራም ይሆናል። እስከ ዛሬ ድረስ በየላቦራቶሪው አንድ ውሁድ በቤዞች መካከል መግባት አለመግባቱ ከሚለይባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው የፈሳሹን ውፍረት መለካት ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ባርኔት ሮዘንበርግ የፊዚክስ ሰው ነበሩ። ሕዋስ ሲከፈል በማይክሮስኮፕ የሚታየው ዘንግ መሰል ቅርጽ የማግኔት ኀይል መስመሮችን ስለ መሰላቸው የኤሌክትሪክ ኀይል የሕዋስን መከፈል ይለውጥ እንደ ሆነ ለማየት ፈለጉ። ከሎሬታ ቫንካምፕና ከቶማስ ክሪጋስ ጋር ሆነው ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ በሚያድግበት ፈሳሽ ውስጥ ኤሌክትሪክ አሳለፉበት። ኤሌክትሮዶቹ የፕላቲነም ነበሩ፤ የተመረጡትም ፕላቲነም በምንም ነገር የማይበላ፣ ከምንም ጋር የማይደባለቅ ነው ተብሎ ነው። ባክቴሪያዎቹ መከፈላቸውን አቆሙ፤ ማደጋቸውን ግን አላቆሙም። ከልካቸው እስከ 300 እጥፍ ድረስ ረዝመው እንደ ክር ሆኑ።

እዚህ ላይ ጉዳዩን ‹የኤሌክትሪክ ኀይል የሕዋስን መከፈል ያቆማል› ብሎ መደምደም እጅግ ቀላል ነበር። እነርሱ ግን ኤሌክትሪክ ያለፈበትን ፈሳሽ ብቻ ወስደው አዲስ ባክቴሪያ ሲጨምሩበት፣ ያለ ምንም ኤሌክትሪክ ያው መርዘም ታየ። ስለዚህ ሥራውን የሠራው ኀይሉ ሳይሆን በፈሳሹ ውስጥ የተፈጠረ አንድ ነገር ነው። ያ የማይበላ የተባለው ፕላቲነም በጥቂቱ ተበልቶ፣ በፈሳሹ ውስጥ ከነበረው አሞኒያና ክሎራይድ ጋር ተጣምሮ ነበር። ጽሑፉ በ1965 ወጣ።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ነገር በእኛ አስተያየት ከራሱ ከግኝቱ የማያንስ ትምህርት አለበት። የፕላቲነሙን ጨው በቀጥታ ከጠርሙስ አውጥተው በውሃ አሟሙተው ሲሞክሩት ባክቴሪያዎቹ አልረዘሙም። ብርሃን ባለበት ስፍራ ቀናት የቆየው ፈሳሽ ግን አስረዘማቸው። ይኸውም ብርሃኑና ውሃው ክሎራይዶቹን እያስለቀቁ አሞኒያው በምትካቸው እንዲገባ አድርገው ነበር። እንግዲህ የዚህ ምርመራ የመጀመሪያ ምዕራፍ የተከፈተው በጠርሙስ ያለውና በውሃ የቆየው አንድ አለመሆናቸውን በማወቅ ነው። ሥራ የሚሠራው ሙል የሌለው፣ ክፍሎቹም ጎን ለጎን የሆኑት መሆኑ ከተለየ በኋላ የፔይሮኔ አሮጌ ጨው ተፈልጎ ወጣ። በ1969 በአይጦች ዕጢ ላይ መሥራቱ ታተመ፤ በ1971 ለሰው ተሞከረ፤ በ1978 በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ። ከዚያ በፊት ከተሠራጨ አብዛኛውን ጊዜ ይገድል የነበረው የወንድ ዘር ፍሬ ነቀርሳ ከዚህ መድኃኒት በኋላ በአብዛኛው የሚድን በሽታ ሆነ።

ሲስፕላቲን በውሃ ውስጥ የሚያደርገው ነገር በኋላ በዝርዝር ታውቋል። በደም ውስጥ የክሎራይድ መጠን በሊትር 100 ሚሊሞል ያህል ስለ ሆነ የመድኃኒቱ ክሎራይዶች በየቦታቸው ይቆያሉ። ወደ ሕዋስ ሲገባ መጠኑ ከ4 እስከ 20 ሚሊሞል ድረስ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ውሃ ክሎራይዱን እያስለቀቀ በስፍራው ይገባል። በሰውነት ሙቀት ግማሹ እስኪለወጥ 2 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ውሃ የያዘው ፕላቲነም አዎንታዊ ሙል ስላለው ወደ ዲኤንኤ ይሳባል፤ ከጉዋኒን ሰባተኛ ናይትሮጂን ጋርም ይጣበቃል። ቀጥሎም ሁለተኛው ክሎራይድ ለቆ በዚያው ገመድ ላይ ካለው ከጎረቤቱ ጉዋኒን ጋር ይያያዛል። ከመድኃኒቱና ከዲኤንኤ ጥምረቶች ሁሉ 65 ከመቶ ያህሉ እንዲህ ያሉ ናቸው። ሁለቱ ጉዋኒኖች ወደ ፕላቲነሙ ስለሚሳቡ መሰላሉ ይጎብጣል። በ1995 የእስጢፋኖስ ሊፓርድ ባልደረቦች በክሪስታል ይህን ጉብጠት አሳዩ። ክሎሪኖቹ ፊት ለፊት የሆኑበት ወንድሙ ሁለት ጎረቤት ጉዋኒኖችን በአንድ ጊዜ መያዝ አይችልም፤ መድኃኒትም አልሆነም።

እንግዲህ በ1970ዎቹ መጨረሻ መርማሪዎቹ በእጃቸው አንድ ግልጽ ሥዕል ነበራቸው። በመካከል ሜታል፣ በአንድ ወገን የሚቆዩ ሁለት ክፍሎች፣ በሌላው ወገን ጎን ለጎን የሆኑ፣ የሚለቁ ሁለት ክሎሪኖች። ይህን ሥዕል የሚመስል ሌላ ውሁድ ቢገኝስ?

እንዲህ ያለው ውሁድ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። በ1951 በፒትስበርግ ኪሊና ፖውሰን ሌላ ነገር ለመሥራት ሲሞክሩ ብርቱካንማ ክሪስታል አገኙ፤ ብረት ከካርቦን ጋር የተጣመረበት፣ ውሃም አየርም የማያፈርሰው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በሃርቫርድ ዊልኪንሰንና ዉድዋርድ፣ በሙኒክም ፊሸር የብረቱ አቶም አምስት አምስት ካርቦን ባላቸው በሁለት ጠፍጣፋ ቀለበቶች መካከል መቀመጡን ተረዱ። ፌሮሲን ተባለ። ዊልኪንሰንና ፊሸር በ1973 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ውሃን ይፈራ የነበረው ሙያ ውሃን የማይፈራ ልጅ ወለደ ማለት ነው። ከዚያም ዊልኪንሰንና በርሚንግሃም በ1954 የብረቱን ስፍራ ለቲታኒየም ሰጡ። ሁለት ቀለበቶች በአንድ ወገን፣ ሁለት ክሎሪኖች ጎን ለጎን በሌላው ወገን፤ ቀይ ክሪስታል። ስሙ ቲታኖሲን ዳይክሎራይድ ነው።

በ1979 በርሊን የነበሩት ሐርትሙት ኮፕፍና ፔትራ ኮፕፍ-ማየር ይህን ቀይ ክሪስታል በአይጦች ዕጢ ላይ ሞከሩት፤ ሠራ። የምክንያቱም ማብራሪያ ከመመሳሰሉ ተወሰደ። በሲስፕላቲን ውስጥ በሁለቱ ክሎሪኖች መካከል ያለው ርቀት 3.3 አንግስትሮም ገደማ፣ በቲታኖሲን ደግሞ 3.5 አንግስትሮም ገደማ ነው። እንግዲያው ይህም ሁለቱን ክሎሪኖች ለቆ ሁለት ጎረቤት ቤዞችን ሊይዝ ይችላል ተባለ። ቀለበቶቹ እንደ አሞኒያው በየቦታቸው ይቆያሉ ተብሎ ተገመተ።

እነዚህን መርማሪዎች ዛሬ ተቀምጦ መንቀፍ ቀላል ነው፤ ተገቢም አይመስለንም። ማመሳሰሉ ሥራ እንዲጀመር አደረገ፤ ማስረጃም አልጎደላቸውም። በታከሙ ሕዋሳት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የተገታው የዲኤንኤ መሠራት ነበር፤ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረመርም ቲታኒየሙ በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ኑክሊክ አሲድ በበዛበት ስፍራ ተከማችቶ ተገኘ። ነገር ግን ቲታኒየም በአስኳል ውስጥ መገኘቱ ቲታኖሲን በአስኳል ውስጥ መገኘቱን አያረጋግጥም። መሣሪያው የሚያየው ንጥረ ነገሩን እንጂ የለበሰውን ልብስ አይደለም።

ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥርጣሬ ሊያስነሡ ይገባቸው የነበሩ ሁለት ምልክቶች ነበሩ ብለን እናስባለን። አንደኛው፣ ዚርኮኒየምና ሃፍኒየም ከቲታኒየም በታች በዚያው ዐምድ ያሉ ሜታሎች ሲሆኑ፣ በሁለት ቀለበቶችና በሁለት ክሎሪኖች ተሠርተው ሲሞከሩ በዕጢው ላይ አልሠሩም። ሥዕላቸው ከቲታኖሲን ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ሁለተኛው፣ የቲታኖሲን ክሎሪኖች ወጥተው በስፍራቸው ፍሎሪን ወይም ብሮሚን ወይም ሌላ ክፍል ሲገባ ውጤቱ ብዙም አልተለወጠም። የሚለቀው ክፍል ምንም ይሁን ምን ውጤቱ ከተቀራረበ፣ ያ ክፍል ውሁዱ ወደ ሕዋስ ሳይደርስ አስቀድሞ ለቅቋል ማለት ነው። የተለካው የክሎሪኖች ርቀት ስለዚህ በጠርሙስ ውስጥ ስላለው ክሪስታል የሚናገር እንጂ በደም ውስጥ ስላለው ነገር የሚናገር አልነበረም።

ነገሩን በሚዛን ያስቀመጡት በ1985 በአሜሪካ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ቶኒና ማርክስ ናቸው። ያደረጉት ቀላል ነው። ዲኤንኤ ሳይጨምሩ ውሁዱን ውሃ ውስጥ ከተቱና ምን እንደሚሆን እየለኩ ጠበቁ። የመጀመሪያው ክሎራይድ ለመለካት እንኳ በማይመች ፍጥነት ለቀቀ፤ ሁለተኛውም ብዙ ሳይቆይ ተከተለው። አሲድ በሆነ ውሃ ቀለበቶቹ ቀስ ብለው፣ ግማሹ በ57 ሰዓት ያህል ወደቁ። ውሃው አሲድነቱን ትቶ ወደ ደም ደረጃ፣ ማለትም ወደ ፒኤች 7 ሲጠጋ ግን ቀለበቶቹ በፍጥነት ይለቃሉ፤ ቲታኒየሙም ከኦክስጂን ጋር ተያይዞ እንደ ዝቃጭ ወደ ታች ይወርዳል። በሲስፕላቲን ጊዜ አሞኒያዎቹ ከሜታሉ አይለዩም ነበር፤ እዚህ ግን በሥዕሉ ላይ ‹ይቆያሉ› የተባሉት ራሳቸው ሄዱ። ከሥዕሉ የቀረው ሜታሉ ብቻ ነው።

የዚህም ምክንያት ከሜታሎቹ ባሕርይ ይመነጫል። ራልፍ ፒርሰን በ1963 እንዳስረዱት አንዳንድ ሜታሎች ‹ጠንካራ›፣ አንዳንዶቹ ‹ለስላሳ› ናቸው። ለስላሳው ፕላቲነም ናይትሮጂንንና ሰልፈርን ይወዳል፤ ከያዘም በቀላሉ አይለቅም። ጠንካራው ቲታኒየም ኦክስጂንን ይመርጣል። ስለዚህ ዲኤንኤ ሲያገኝ ዐይኑ የሚያርፈው በጉዋኒን ናይትሮጂን ላይ ሳይሆን በውጭ ባሉት ፎስፌቶች ኦክስጂን ላይ ነው፤ እዚያም የሚወዳደረው በዙሪያው ካለው የውሃ ኦክስጂን ሁሉ ጋር ነው።

በ1990ዎቹ በሲድኒ ማርጋሬት ሃርዲንግና ተማሪዎቻቸው በኤንኤምአር መሣሪያ በቀጥታ ሲመለከቱ ይኸው ታየ። ቲታኖሲን አሲድ በሆነ ፈሳሽ ከዲኤንኤ ቁራጮች ጋር ይያያዛል፤ ፒኤች ወደ 7 ሲጠጋ ግን ጠንካራ መያያዝ አይገኝም። የሞሊብዲነሙ ታሪክ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ሞሊብዶሲን ቀለበቶቹን በውሃ ውስጥ አጥብቆ ይይዛል፤ ማርክስና ባልደረቦቻቸው በ1987 እንዳሳዩትም ከነጠላ ኑክሊዮታይድ ጋር በናይትሮጂንም በፎስፌትም በኩል በደንብ ይጣመራል። ኑክሊዮታይዶቹ በድርብ መሰላል ሲሰለፉ ግን ያ ጥብቅ ትስስር አልተገኘም። እንግዲህ የዲኤንኤን ቁራሽ መርምሮ ስለ ሙሉው መናገርም አደገኛ ነው።

በዚሁ አንድ የላቦራቶሪ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ብዙዎቹ ኦርጋኖሜታሊክ ውሁዶች በውሃ በቀላሉ አይሟሙም። ስለዚህ መርማሪዎች አስቀድመው ዲኤምኤስኦ በተባለው ፈሳሽ ያሟሟቸውና በኋላ ወደ ውሃው ይጨምሯቸዋል። ዲኤምኤስኦ ግን ሰልፈር አለው፤ ፕላቲነምም ሰልፈር ይወዳል። ሲስፕላቲን በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ጥቂት ሲቆይ ራሱ ሌላ ውሁድ ይሆናል። ይህ ከብዙ ዓመታት በፊት ታውቆ ሳለ ሲስፕላቲንን በዲኤምኤስኦ አሟሙተው ከሌላ ውሁድ ጋር ያወዳደሩ ጽሑፎች እስከ 2010ዎቹ ድረስ ሲታተሙ ቆይተዋል። የዚህ ክፍል አንባቢ ሁሉ አንድ ጽሑፍ ሲያነብ ከውጤቱ ሠንጠረዥ በፊት ‹በምን ተሟሟ?› ብሎ እንዲጠይቅ እንመክራለን።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቲታኖሲን ወደ ሕክምና ቤት ደርሶ ነበር። የመጀመሪያው የሰው ሙከራ በ1993 ተጀመረ፤ መጠኑን የወሰነውም በኩላሊት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። በተሠራጨ የኩላሊት ነቀርሳና በተሠራጨ የጡት ነቀርሳ ላይ የተደረጉት ሁለተኛ ደረጃ ሙከራዎች ውጤት በ1998ና በ2000 ሲታተም የጠቀመው እንደማይበቃ ተረጋገጠና ነገሩ ተተወ። የተሳሳተው ማመሳሰል ብቻ ለዚህ አበቃው ማለታችን አይደለም፤ በአይጥ የሠራ መድኃኒት በሰው ሳይሠራ መቅረቱ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ በምን መንገድ እንደሚሠራ ቀድሞ የታወቀ መስሎ ባይታይ ኖሮ፣ ውሃን የሚቋቋም ሌላ አቀማመጥ ፍለጋው አሥር ዓመት ቀደም ብሎ በተጀመረ ነበር የሚል እምነት አለን።

ታዲያ ቲታኒየሙ ወደ አስኳል እንዴት ደረሰ? ከ1998 ጀምሮ ፒተር ሳድለርና ባልደረቦቻቸው፣ ብረትን በደም ውስጥ የሚያመላልሰው ትራንስፈሪን የተባለው ፕሮቲን ቀለበቶቹን የጣለውን ቲታኒየም በብረቱ ስፍራ ተቀብሎ እንደሚይዝ አሳዩ። ይህ መንገድ በሕያው አካል ውስጥ ምን ያህል ይሠራል የሚለው አከራክሯል።

እኒሁ ሳድለር በኤዲንብራ ሳሉ በ2001 ያስታወቁት የሩቴኒየም ውሁድ ከቲታኖሲን ውድቀት ትምህርት የተወሰደበት ይመስላል። በዚህ ውሁድ ውስጥ ስድስት ካርቦን ያለው ቀለበት ሩቴኒየሙን እንደ ጃንጥላ ከላይ ይሸፍነዋል፤ ከታች ሁለት ናይትሮጂን ያለው ክፍልና አንድ ክሎራይድ አሉ። ውሃ ሲገባ ክሎራይዱ በደቂቃዎች ይለቃል፤ ቀለበቱ ግን አይነቃነቅም። ካርቦንና ሜታል ውሃ ውስጥ ሳይለያዩ ወደ ዲኤንኤ የሚደርሱበት መንገድ ተገኘ ማለት ነው። ሩቴኒየሙ የጉዋኒንን ሰባተኛ ናይትሮጂን ይይዛል፤ ናይትሮጂን ያለው ክፍል ሃይድሮጂኑን ለዚያው ለጉዋኒን ኦክስጂን ያቀብላል፤ ስለዚህም ጉዋኒንን ከአዴኒን ለይቶ ይመርጣል። ቀለበቱ ባይፊኒል ሲሆን ደግሞ የራቀው ግማሹ በቤዞች መካከል ይገባል። ከላይ የጠቀስናቸው ሁለት መንገዶች፣ መጣበቅና መካከል መግባት፣ በአንድ ሞለኪውል ተገናኙ። ሲስፕላቲን ይህን ሊያደርግ አይችልም።

በዚያው ዓመት ፖል ዳይሰንና ባልደረቦቻቸው ራፕታ የሚባለውን ሌላ የሩቴኒየም ውሁድ አወጡ። ከታች ያለው ናይትሮጂን ያለው ክፍል ቀርቶ በስፍራው ፎስፈረስ ያለበት ክፍልና ሁለተኛ ክሎራይድ ገቡ። መጀመሪያ የታየው ነገር ፈሳሹ ወደ አሲድነት ሲያዘነብል ዲኤንኤን መለወጡ ነበር፤ የነቀርሳ ዕጢ ውስጡ ከጤናማው አካል ይልቅ ወደ አሲድ ስለሚያዘነብል ዒላማው ዲኤንኤ ነው ተብሎ ታሰበ። በኋላ ግን በአይጦች ሲሞከር በዋናው ዕጢ ላይ ብዙ ሳይሠራ የተሠራጨውን ነቀርሳ ቀነሰ። ዲኤንኤን ከሚመታ መድኃኒት የሚጠበቀው እንዲህ ያለ ውጤት አልነበረም።

መልሱ በ2014 በሲንጋፖርና በሎዛን መርማሪዎች ትብብር ታተመ። በሕዋስ ውስጥ ዲኤንኤ ራቁቱን በውሃ ውስጥ ተንሳፎ አይኖርም፤ ሂስቶን በተባሉ ስምንት ፕሮቲኖች እንክብል ላይ እንደ ፈትል ተጠምጥሞ ይኖራል። መርማሪዎቹ ሁለት የሩቴኒየም ውሁዶችን ከዚህ ጥምጥም ጋር አገናኙ። የሁለቱም ቀለበት አንድ ነው፤ የሚለያዩት ከታች ባለው ክፍል ነው። ናይትሮጂን ያለው ክፍል የያዘው ወደ ዲኤንኤው ጉዋኒኖች ሄደ። ፎስፈረስ ያለበትን ክፍል የያዘው ራፕታ በራቁት ዲኤንኤ ላይ ሲጣበቅ የታየ ቢሆንም፣ በዚህ ጥምጥም ፊት ሲቀርብ ዲኤንኤውን ትቶ በሂስቶኖቹ የአሲድ ክፍሎች ላይ ተጣበቀ። ከሁለቱ ሕዋሳትን አጥብቆ የሚገድለው ወደ ዲኤንኤ የሄደው ሲሆን፣ ወደ ፕሮቲኑ የሄደው ለሕዋሳቱ የለዘበ ነው። ሁለቱም እስካሁን ለሕክምና የተፈቀዱ መድኃኒቶች አልሆኑም።